ከ«ንስረ ተፈሪ» እስከ ቦሌ፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እና የውጭ ማሽን ኢትዮጵያዊ መልክ

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የሚታዩት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች አካል የተነደፈው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በካናዳ ነው። ክንፋቸውም ሆነ ሞተራቸው ከሌሎች አገሮች አየር መንገዶች አውሮፕላኖች አይለይም። ኢትዮጵያዊ የሚያሰኛቸው በጅራታቸው ላይ ያለው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም፣ በአካላቸው ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የአገሪቱ ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውስጣቸው የሚሠራው ሰው ነው። ከማረፊያው ውጭ ባለው የመኪና ማቆሚያም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። የነፋስ ግፊት መሞከሪያ ክፍሎች፣ የአደጋ መከላከያ ሕጎችና በርካታ ኩባንያዎች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የመኪና መሠረቶች የዓለምን የመኪና ንድፍ ወደ አንድ መልክ እያቀራረቡት በመምጣታቸው፣ የጃፓኑን ከኮሪያው፣ የጀርመኑን ከቻይናው በሩቁ መለየት አስቸጋሪ እየሆነ ነው።

ራሷ ያልነደፈችውን ማሽን የምትጠቀም አገር በምን መንገድ የራሷ ታደርገዋለች የሚለው ጥያቄ ግን የዛሬ አይደለም። በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ሰውየውም እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ ቦሌ ራሱ በስማቸው ይጠራ የነበረው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ልዑል ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የሐረር ገዥ፣ የአጼ ምኒልክ የቅርብ ዘመድና በውጭ ግንኙነት ጉዳይ ዋና ባለሟል ነበሩ። ራስ መኮንን ወደ ኢጣሊያና ወደ እንግሊዝ ተልከው የአውሮፓን ከተሞች በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሐረርም በዚያ ዘመን ከጅቡቲና ከዘይላ የሚመጣ የውጭ ሸቀጥና የውጭ ሰው ቀድሞ የሚደርስባት ከተማ ነበረች። ተፈሪ እናታቸውን ወይዘሮ የሺእመቤት አሊን በሕፃንነት፣ አባታቸውን ደግሞ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በሞት ካጡ በኋላ በአጼ ምኒልክ ጥላ ሥር ወደ አዲስ አበባ መጡ።

የመጡበት ጊዜ ለማሽን ወዳጅ የሚመች ነበር። ሰርኪስ ቴርዝያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ በእንፋሎት እየተንፏቀቀ መንገድ ሲደመድም ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ መኪና ተከተለ። እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለች መኪና ይዞ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም ናኬ ከሚባል የጀርመን ፋብሪካ በወጣች መኪና፣ መንገድ ባልተሠራለት በረሃና ገደል በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ታገሉ። ሁለቱም ደረሱ። የሁለቱ ሰዎች ድካም የንግድ ዓላማም ነበረው፤ እያንዳንዱ የአገሩ ፋብሪካ ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንዲወደድ ይፈልግ ነበርና። አጼ ምኒልክ አዲሱን ነገር ከሩቅ አይተው የሚተዉ አልነበሩምና መኪናዋ ላይ ወጥተው ሞከሯት። በዚያ ዘመን ገና የአሥራ አምስትና የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት የነበሩት ተፈሪ፣ ኃያላን መንግሥታት በማሽን አማካይነት ለመወደድ እንዴት እንደሚሽቀዳደሙ የመመልከት ዕድል ያገኙት ገና ሥልጣን ሳይጨብጡ ነው።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። በ1915 ዓ.ም. ወደ ኤደን ተጉዘው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖችን ትርኢት ሲመለከቱ፣ ማየት ብቻ ስላላረካቸው ራሳቸው ተሳፍረው በረሩ። በማግሥቱ ዓመት ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ እሳቸውም በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ሮምን፣ ለንደንንና ሌሎች ከተሞችን ያካተተውን ረጅም ጉዞ አደረጉ። ከዚህ ጉዞ ያመጡት ነገር ሁሉ ማሽን አልነበረም። በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከነሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። የእነዚህ «አርባ ልጆች» መሪ የነበረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈው። የመኪናና የአውሮፕላን ነገር በሚወሳበት ጽሑፍ ውስጥ መዝሙር ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አሠራሩ አንድ ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል፦ ከውጭ የመጣ መሣሪያ፣ ከውጭ የመጣ ባለሙያ፣ የአገር ቃልና የአገር ስም።

ይኸው አሠራር በነሐሴ 1921 ዓ.ም. በሰማይ ታየ። አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ይዞ አዲስ አበባ አረፈ። አውሮፕላኗ የተሠራችው ፈረንሳይ ነው፤ የተሰጣት ስም ግን «ንስረ ተፈሪ» የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስም መጣች። በቀጣዩ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጎን ለጎን መጀመራቸውን ማስተዋል ይኖርበታል። አንደኛው ማሽኑን በገዥው ስም መጥራት ነው፤ ሁለተኛው ማሽኑን ለአገር ልጅ እጅ ማስረከብ ነው። ንጉሡ ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ያዩአቸው ይመስላል። ታሪክ ግን በኋላ ለያያቸው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከናወነው የዘውድ በዓል ዓለም አዲስ አበባን በፎቶግራፍና በፊልም አየ። ለበዓሉ የቀረበው ሠረገላ ቀደም ሲል የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ቪልሄልም እንደነበረ ይነገራል። በበዓሉ ሰሞን በምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። አንበሳው ከዚያ በኋላ በገንዘብ፣ በባንዲራ፣ በደብዳቤ ማኅተምና በመንግሥት ተሽከርካሪ ላይ ሁሉ የሚታይ ሆነ።

ከጦርነቱ በፊት ከተከናወኑት ሥራዎች ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ናት። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ «ኢትዮጵያ 1» የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ መሐል አገር በሚገሠግሥበት ወቅትም በረረች። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ ዋልተር የተባለ ሞተር ነበር። የንድፉ ዕውቀት ከጀርመን፣ ሞተሩ ከፕራግ፣ የእጅ ሥራው ከአዲስ አበባ ከሆነ አውሮፕላኗ የማን ናት? መልሱን ወራሪው ራሱ ሰጠ ማለት ይቻላል። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ «ፀሐይ»ን እንደ ጦር ምርኮ ወደ ሮም ወሰዳት፤ የጀርመን ወይም የቼክ ንብረት ናት ብሎ አልተዋትም። በሮም አቅራቢያ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥም ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየች። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፤ ስማቸው የተሰጣትን አውሮፕላን ዳግመኛ አላዩአትም።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። በጄኔቭ የአገራቸውን ጉዳይ ለመንግሥታት ማኅበር ካሰሙ በኋላ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ ተቀመጡ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ወራሪው መንገድ ሠራ፤ በመንገዱም ላይ የፊያትና የላንቺያ የጭነት መኪኖችን አሰማራ። ሲባረር መኪናውን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውንም ጥሎ ሄደ። መኪና፣ ጎማ፣ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ የተሽከርካሪ ስምሪት ክፍል በየቀኑ የሚጻፉት ታርጋና ቦሎም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ማሽን የሚመጣው ከነስሙ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። (መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ካንዴላም ሆነ ፍሪሲዮን የላቸውም። ሰማኒያ ዓመት ያገለገሉ ቃላት ሥራ ፈት ሊሆኑ ነው ማለት ነው፤ ታርጋና ቦሎ ግን የሚቀሩ አይመስሉም።)

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገብተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ የተቀመጡት ክፍት በሆነች አልፋ ሮሜዎ መኪና ውስጥ ነበር። አልፋ ሮሜዎ የኢጣሊያ የመኪና ጥበብ ኩራት ነው። የወራሪው አገር መኪና የድል መግቢያ ሆነች። ሕዝቡ በዚያ ቀን ያየው መኪናዋን ሳይሆን በውስጧ ያለውን ሰው እንደነበረ ግልጽ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተሠሩት ሥራዎች ውስጥ ለዘለቄታው ትልቁ የአየር መንገዱ ምሥረታ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ድርጅቱ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ 47 የተባሉ የጦር ማመላለሻዎች ነበሩ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጉ አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ጭነቱም በመካከሉ ይደረደር ነበር። አብራሪዎቹ አሜሪካውያን፣ ጥገናው በአሜሪካውያን እጅ፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። ባለቤትነቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ የውል ጉዳይ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ስምምነቱ ሲታደስ ድርጅቱ ደረጃ በደረጃ ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን የሚካሄድ እንደሚሆን ታሳቢ ተደረገ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በንግድ በረራ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። በ1970 የቲ.ደብልዩ.ኤ. ሚና ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው እስከዚያ ድረስ ሃያ አምስት ዓመታት ያህል ፈጅቷል። ብዙ አዳዲስ ነጻ አገሮች በአንድ ሌሊት ባንዲራ ቀብተው ያስነሷቸው አየር መንገዶች ሲከስሙ ይህኛው ጸንቶ የቆየበት ምክንያት በዚህ ቀስ ያለ፣ ብዙም ወሬ የማይወራለት የሰው ኃይል ዝግጅት ውስጥ ይገኛል የሚል እምነት አለን።

የጄት ዘመን ሲመጣ አሮጌው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አልበቃ አለ። ጉዳዩ የመንደርደሪያ ርዝመት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን የመሸከም፣ ሞተርን የመግፋት አቅም ያሳጣል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ በአጭር ርቀት የሚነሣ አውሮፕላን እዚህ ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል። አየር መንገዱ የመረጠው ቦይንግ 720ቢ ከታላቅ ወንድሙ ከ707 ያጠረና የቀለለ፣ ለአጭር መንደርደሪያ ታስቦ የተሠራ ጄት ነበር። ንድፉ የሲያትል ቢሆንም ምርጫው የሸዋ ደጋ ነው ማለት ይቻላል። የአገር ማንነት በማሽን ላይ የሚያርፈው በቀለም ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ የአየርና የመሬት ግዴታም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ለአዲሱ ማረፊያ መጀመሪያ የታሰበው ቦታ ቢሾፍቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማው መሐል መራቁን ስላልወደዱት በምሥራቅ በኩል የሚገኘው የቦሌ ሜዳ ተመረጠ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አዲሱ መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት የመጡት መሪዎች የተቀበላቸው ገና ሬንጁ ያልቀዘቀዘው ቦሌ ነው። ከማረፊያው ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድም በኋላ አፍሪካ ጎዳና ተባለ። በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት፣ በ1958 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ደ ጎል አገሪቱን ሲጎበኙ ከተማዋ በሙሉ ለሰልፍ ወጥታለች።

በዚያ ዘመን የዓለም የመኪና ንድፍ ራሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያይ ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከአውሮፓውያኑ 1948 ጀምሮ በካዲላክ ጅራት ላይ የተከሉት ክንፍ መሰል ጌጥ ከጦር አውሮፕላን የተወሰደ ሲሆን፣ በ1959 እጅግ ረዝሞ ታይቷል። ጣሊያን በ1955 ያወጣው ፊያት 600 በአንጻሩ ከጦርነት የወጣና ኪሱ የሳሳ ሕዝብን ያሰበ ትንሽ መኪና ነበር፤ ሞተሩን ከኋላ ያደረገው መሐንዲሱ ዳንቴ ጃኮዛ ለአራት ሰው የሚሆን ቦታ አትርፎበታል። አዲስ አበባ ሁለቱንም ዓለም ተቀበለች። ከቤተ መንግሥት የሚወጡት ሮልስ ሮይስና መርሴዲስ የዘውዱን ባንዲራ እያውለበለቡ በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ሕዝቡ በታክሲነት በተሰማራው «ሴይቼንቶ» ይጓዝ ነበር። የከተማው አውቶቡስ «አንበሳ» ተብሎ ተሰየመ፤ አርማውም አንበሳ ሆነ። በዘመኑ የአየር መንገዱ አውሮፕላኖችም ባለ ሦስት ቀለም መስመራቸው ላይ የይሁዳ አንበሳን ምስል ጨምረው ይታዩ ነበር።

አንበሳው የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ያኔ አልተነሣም፤ ወይም ያነሣው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ለንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱ ምልክትና የዘውዱ ምልክት አንድ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ አደባባዩና አውሮፕላን ማረፊያው በስማቸው ወይም በቤተሰባቸው ስም ተጠርቷል። «ንስረ ተፈሪ» ከተባለችው አውሮፕላን የጀመረው ልማድ በአርባ ዓመት ውስጥ አገር አዳርሶ ነበር።

ዘመኑን የቀየሩት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ የመሬት ጥያቄ፣ የተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ የወሎ ረሃብና የረሃቡ መሸፈን ዋነኞቹ ናቸው። መኪናም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ ሲንር በኢትዮጵያም ቤንዚን በመወደዱ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራን አድማም በዚያው ቀን ተጀመረ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። በወራት ውስጥ የጦር ኃይሉ የአገሪቱን ሥልጣን ከቤተ መንግሥቱ ሥር ቀስ በቀስ ወሰደ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን የቀረበው ፊልም የወሎን ረሃብተኞች ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ።

በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው በቤተ መንግሥታቸው ተነበበላቸው። እንዲሳፈሩ የቀረበላቸው መኪና ቮልስዋገን ነበር። በሩ ጠባብ፣ ወደ ኋላ መቀመጫው ለመግባት የፊቱ መቀመጫ መታጠፍ የሚኖርበት ነው። የሰማኒያ ሁለት ዓመቱ አዛውንት መኪናውን ሲያዩ ማመንታታቸውን ብዙዎች ጽፈዋል፤ በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ገቡ። ወደ አራተኛው ክፍለ ጦር ተወሰዱ።

ቮልስዋገን የተመረጠው ለማዋረድ ይሁን ዓይን ላለመሳብ አሁን መከራከር ብዙ አይጠቅምም። የመኪናው ታሪክ ግን ለጉዳያችን የሚያስተምረው አለው። ፈርዲናንድ ፖርሼ በአውሮፓውያኑ 1930ዎቹ በናዚ መንግሥት ትእዛዝ የጀርመን ሕዝብ መኪና እንዲሆን ነደፈው። ፖርሼ ራሱ በቦሂሚያ የተወለደ ሰው ነበር፤ ከንድፉ ሐሳቦች የተወሰኑትም የቼኩ ታትራ ፋብሪካ ቀድሞ የሠራባቸው በመሆናቸው ከጦርነቱ በኋላ ቮልስዋገን ለታትራ ካሣ ከፍሏል። የአንድ አገር ኩራት ተብሎ የተጀመረው መኪና በ1972 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የአሜሪካውን የፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በብራዚልም በሜክሲኮም ተሠራ። አዲስ አበባም እንደ ራሷ ልጅ ተቀብላ ዛሬም ድረስ በፍቅር ትነዳዋለች።

ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ። ያኔ በሕመም ሞቱ ቢባልም በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት መገደላቸው ተገልጿል። አዲሱ መንግሥት ምልክቶቹን ለማውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። ከባንዲራው አንበሳ ላይ ዘውዱ ተነሣ፤ በእጁ በያዘው በትር ጫፍ ላይ የነበረው መስቀልም በጦር ተተካ። ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስማቸው ተፋቀ። ማረፊያው የሜዳውን የቀድሞ ስም ይዞ ቦሌ ተባለ። ሌላው ግን ባለበት ቆየ። በቲ.ደብልዩ.ኤ. ጠበብት ሥር የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና ጠጋኞች በሥራቸው ላይ ነበሩ፤ ሦስቱ ቀለማትም ከጅራቱ አልወረዱም። ሶሻሊስት መንግሥት የአሜሪካ ቦይንግ ማብረሩን የቀጠለበት ምክንያትም ሠራተኛው ያንን ስለሚያውቅ፣ ማሽኑም ለደጋው ስለሚስማማ ነው። በእኛ አስተያየት ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው የጠሩት ነገር ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲነሣ፣ ለሌላ ሰው እጅ ያስረከቡት ቀርቷል።

አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተገኝቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1995 ዓ.ም.፣ በቦሌ አዲሱ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ማስተናገጃ ተከፈተ።

«ፀሐይ» የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከሰማኒያ ሰባት ዓመት በላይ በሮም አቅራቢያ ከቆየች በኋላ የኢጣሊያ መንግሥት ለኢትዮጵያ አስረከባት። ንጉሠ ነገሥቱ ቮልስዋገን ውስጥ የገቡበት ግቢ፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ በ2017 ዓ.ም. በሙዚየምነት ለሕዝብ ክፍት ሲሆን የቀድሞ የቤተ መንግሥት መኪኖችም ለእይታ ቀርበዋል። ጎብኝዎች ከመስታወቱና ከኮፈኑ በፊት ዓይናቸውን የሚጥሉት በበሩ ላይ ባለው ምልክት ላይ ነው።